የኮባው መደብ

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፣ ጢም ካወጣሁ በኋላ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው። አሳምሬ ልጻፍ ብል ይበላሽብኛል። ነገሩም ትልቅ ነገር አይደለም። ሰፈራችን በሬ ሲያርድ ሥጋውን በምን ይጠቀልል እንደነበር፣ ፌስታል የመጣ ጊዜ ደግሞ አንዲት ሴት ምን እንደደረሰባቸው ነው።

ሰፈራችን ከመናኸሪያው ኋላ ነበር። የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ በአንድ ግቢ ሁለትም ሦስትም አባወራ፣ መሀል ላይ አንድ ቧንቧ። እኔ መናኸሪያው በር አጠገብ ጎሚስታ ነበርኩ፤ የመኪናም የጋሪም የቢስክሌትም ጎማ እጠግናለሁ። አዋሳ ያኔ የቢስክሌት ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ እሾሁ ብዙ ነው፤ ሥራ አጥቼ አላውቅም።

ጎማ መጠገን እምቢ ሲል በረባሶ ይሆናል። በረባሶው ሲያልቅ በቀጭኑ ይቆረጥና የበር ማጠፊያ ይሆናል። በዚያ ዘመን ዕቃ ሁሉ እንደዚህ ነበር። የወተት ዱቄት ጣሳ ወይ ኩራዝ ይሠራበታል፣ ወይ ስኳር ይሰፈርበታል። ጠርሙስ ካልተሰበረ አይጣልም፤ አንዱ የዘይት ነው፣ አንዱ የላምባ ነው። ባዶ ጠርሙስ ያልያዘ ሰው የቀበሌ ሱቅ ቢሰለፍም ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ በርበሬ ይጠቀለልበታል። ልጣጩ ለፍየል፣ አመዱ ለጓሮ። ግቢያችን ውስጥ አንድ የቆሻሻ ጉድጓድ ነበር፣ ቀበሌ አስቆፍሮን። ዓመት አልፎት እንኳ ሥሩ አልተሸፈነም። የቀበሌው ሰው ለቁጥጥር መጥቶ፣ "ለምንድነው የማትጠቀሙበት?" ብሎ ተቆጥቶናል። ምን እንጨምርበት?

ይኼን የምለው ብልሆች ነበርን ለማለት አይደለም። ስላልነበረን ነው።

ቅርጫ የምናርደው ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ ነበር። ዘጠኝ አባወራ ሆነን እናዋጣና በሬ እንገዛለን። ሥጋው ግን አሥር መደብ ነው የሚወጣው። አሥረኛው መደብ የኮባ ነው።

የኮባ ማለት እንዲህ ነው። ከግቢያችን ቀጥሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ጥግ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የሲዳማ ሴት ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" ነበር የሚላቸው፣ እኔም እዚህ እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ እሑድ እሑድ ለብቻቸው ቤታቸው ውስጥ ይዘምራሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ይሰማል። ከጓሯቸው እንሰት ነበራቸው። ብዙ አይደለም። ቆጮውን ፍቀው ይሸጣሉ፣ በሱ ነው የሚኖሩት። ለበሬ የሚያዋጡት ገንዘብ ኖሯቸው አያውቅም።

በሬ የሚታረድ ቀን ግን ገና ጎህ ሲቀድ ኮባቸውን፣ የእንሰቱን ቅጠል፣ ቆርጠው ይመጣሉ። ለመሬት የሚነጠፈውን እንዳለ ያመጡታል። ለመጠቅለያ የሚሆነውን እንዳይቀደድ በእሳት ለብ ለብ አድርገው፣ እንደ ነጠላ አጥፈው፣ ከቃጫው ጋር በጀርባቸው ተሸክመው ነው የሚያመጡት። በሬው የሚወድቀው በእሳቸው ኮባ ላይ ነው። የሚገፈፈውም፣ መደቡ የሚደረደረውም እዚያው ላይ ነው። ከዚያ ሁሉም ድርሻውን በኮባ ጠቅልሎ፣ በቃጫ አስሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግሥቱ ደግሞ እትዬ በየቤቱ እየዞሩ ቅጠሉን ይሰበስባሉ፣ የምድጃ አመድም ይቀበላሉ። ፍየላቸው የምትበላውን ትበላለች፣ የቀረው እንሰቱ ሥር ይገባል። ስለዚህ አንድ መደብ የእሳቸው ነው። ማን እንደወሰነ አላውቅም፤ እኔ ሰፈሩ ስገባ እንዲሁ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

መደብ የማወጣው እኔ ነበርኩ፣ ቢላዋ ስለምወድ። ከታፋውም፣ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከሆድ ዕቃውም ትንሽ ትንሽ እያልኩ አሥር ቦታ አስቀምጣለሁ። ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ያያል። "ያኛው ቀሎታል፣ ከዚህ ጨምርለት" ይላል። ክርክሩ ካበቃ በኋላ ሁሉም ምልክት ይሰጣል፣ ማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከመንገድ ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። የእኔ ምልክት የጎማ ቁራጭ ነበረች። የእትዬ ምልክት ከኮባው ጠርዝ ቀደድ አድርገው የሚቋጥሯት ቋጠሮ ናት።

አሁን ፌስታሉን ያመጣው ሰው ላይ ልድረስ። ጎረቤታችን ነው፣ ፒያሳ ሱቅ ነበረው፤ ባለሱቁ ልበለው። ክፉ ሰው አይደለም። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ያስቃል። ሸቀጥ ለማምጣት አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት፣ ገና ሊደርስ ሲል፣ ከአውቶቡስ ሲወርድ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥቶ አንድ ጥቅል አሳየኝ። ነጫጭ ፌስታል ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጣጥፎ፣ ገና ያልተነካ።

ፌስታል ከዚያ በፊት አላየንም አይደለም። ሚስቴ እንኳ አንድ ነበራት፣ እኅቷ ጫማ አድርጋ የላከችላት። ሚስቴ ታጥበውና ገመድ ላይ ታሰጣዋለች፣ ሲደርቅ አጥፋ ፍራሽ ሥር ታስገባዋለች። ሠርግ ስትሄድ ነጠላዋን በሱ ነው የምትይዘው። እንግዲህ እንደዚያ ያለው ነገር በጥቅል መጣ።

በዚያው ሰሞን ለገና በሬ ለመነጋገር ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰብን። ባለሱቁ ጥቅሉን ይዞ መጣ።

"ዘንድሮ ኮባ አያስፈልገንም" አለ። "ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆን ፌስታል ይኼውና። በነጻ።"

"ኮባውስ መቼ ተከፈለበት?" አልኩት።

"አልተከፈለበትም? አንድ መደብ ሥጋ ለቅጠል የሚከፍል ሰፈር እኛ ብቻ ነን። ፒያሳ ብናገር ይስቁብኛል።"

"አትናገራ።"

ሰው ሳቀ። ግን ሐሳቡ ገብቷቸው ነበር። አሥሩ መደብ ዘጠኝ ከሆነ የሁሉም ድርሻ ጨመር ይላል። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራ ልጆች የበዙበት ጎረቤት ነበረን፤ በዘመኑ ቋንቋ "ወዛደሩ" ነበር የምንለው። እሱ ፌስታሉን እያሻሸ፣ "እውነት ለመናገር፣ ለእኔ ያቺ የምትጨምረዋ ትጠቅመኛለች" አለ። እሱን ምን ትለዋለህ፤ ልጆቹን እናውቃቸዋለን።

ሚስቴ ከቧንቧው አጠገብ ሆና፣ "እትዬስ?" አለች።

"እትዬም እንደ ማንኛችንም ያዋጡ" አለ ባለሱቁ።

"ከየት አምጥተው?"

"እሱን እኔ ምን አውቄ፣ እመቤት። እኔ የማወራው ስለ ዕቃው ነው። ቅጠል ዝንብ ይጠራል። ደም ያንጠባጥባል። ይኼ ሥልጣኔ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ጎሚስታው ደግሞ የተቀደደ ነገር ካላየ ደስ አይለውም። ይኼ የማይቀደድ ነው፣ እንጀራህ እንዳይቋረጥ ነው የፈራኸው።"

"የማይቀደድ ነገር የለም" አልኩት። "በሱ ነው የምኖረው።"

እጅ ወጣ። ያኔ በሁሉ ነገር እጅ ማውጣት ለምዶብን ነበር። ከእኔ በቀር ሁሉም ለፌስታል አወጣ። እኔ፣ "የእኔን ድርሻ በኮባ ነው የምወስደው" አልኩ። ነገሩን አውቄ እንዳይመስላችሁ። ባለሱቁ ስለሳቀብኝ እልህ ይዞኝ ነው።

ለእትዬ የሚነግር ሰው ጠፋ። ሁሉም ሥራ አለብኝ ይላል። ስለዚህ እኔ ሄድኩ፣ አንድ ፌስታል ይዤ። ጓሮ ተቀምጠው እንሰት ይፍቃሉ። ቀና አላሉም።

"ሰምቻለሁ" አሉ። "ያንን ነገር አምጣው እስቲ።"

ሰጠኋቸው። እጃቸውን ጠራርገው ተቀበሉና ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ጎተት አደረጉት። አሸተቱት።

"ፍየል ትበላዋለች?"

"አትበላውም፣ እትዬ።"

"እንሰት ሥር ቢቀበር?"

"እንደዚሁ ነው የሚቀመጠው ይላሉ።"

"እና ሥራው ምንድነው?"

"ዕቃ ይይዛል።"

"ቅጠልም ይይዛል" አሉና መለሱልኝ።

ፌስታሉን አጥፌ ኪሴ አስገባሁት። ከዚያ ይዤው የመጣሁትን ሐሳብ ተናገርኩ፤ ከእኔ መደብ ግማሹን ላምጣልዎት፣ ሚስቴም ተስማምታለች አልኳቸው። ያኔ ነው መፋቂያቸውን ያስቀመጡት።

"አንተ ልጄ፣ እኔ ለማኝ ነኝ?"

"አይደሉም።"

"ታዲያ ግማሽ ለምን ትሰጠኛለህ? እኔ መደብ ነበረኝ። ከእናንተ ጋር ቆሜ፣ ቋጠሮዬን ሰጥቼ፣ የደረሰኝን ነበር የምወስደው። አሁን በር ላይ ቆሜ ግማሽ ልቀበል?"

ወደ በሩ ዞርኩ። ልወጣ ስል ግን ጠሩኝ። "ለአንተ መጠቅለያ ኮባ እሰጥሃለሁ" አሉ። "ጎረቤት ስለሆንክ ነው። ሥጋ ግን ከማንም እጅ አልቀበልም።" እንዳሉትም በገና ዋዜማ ጠዋት በራችን ላይ ሁለት ቅጠል፣ ለብ ለብ ተደርጎ፣ ታጥፎ ተቀምጦ አገኘነው። ራሳቸው አልመጡም።

በሬው በባለሱቁ ሸራ ላይ ታረደ። አሮጌ የጭነት መኪና ሸራ ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። አሸዋም አለበት፤ ሥጋው ሲገለበጥ አሸዋ ያነሳል። እኔ ቢላዋዬን እየሳልኩ አየሁ እንጂ አልተናገርኩም። ሚስቴ ዛሬ እንዳትለፈልፍ ብላኝ ነበር። ዘጠኝ መደብ አወጣሁ። ሰው እንደ ድሮው ዙሪያውን ቆሞ ለማየት ጊዜ አላገኘም፣ ባለሱቁ በየፌስታሉ እየጨመረ አፉን ይቋጥራል። ከዚያ ያ ሁሉ ነጭ ነገር ተደርድሮ ተቀመጠ፣ ሁሉም እኩል ያበጠ። ወዛደሩ አንዱን አንሥቶ ክብደቱን በእጁ መዘነ፣ ሌላውን መዘነ፣ "አይለይም" አለ። ሥጋው ገና ትኩስ ነበር። ከፌስታሉ ውስጥ ላቡ ይታያል።

ምልክት ልንሰጥ ስንል ነው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ የጮኸው። ነዋሪ በሙሉ አሁኑኑ ለስብሰባ ይምጣ፣ የቀረ ሰው የስኳር ካርዱ ይያዛል። በበዓል ዋዜማ። ማንም አላጉረመረመም፤ አጉረምራሚ ይመዘገባል። እጣውን ከስብሰባ ስንመለስ እንጥላለን ተባለ። ሜዳ ላይ እንዳንተወው ውሻ አለ፣ ከሐይቁ የሚመጣ አባ ኮዳም አለ፤ ያ ወፍ አጥንት ከነሥጋው የሚውጥ ነው። ባለሱቁ የዕቃ ማስቀመጫ የቆርቆሮ ክፍል ነበረው። ስምንቱን ፌስታል እዚያ አስገባና ቆለፈ።

የእኔን መደብ በእትዬ ኮባ ጠቅልዬ፣ በቃጫ አስሬ ይዣለሁ። እጣ ሳይጣል መደብ መያዜ ልክ አልነበረም፤ ግን ባለሱቁ ራሱ ነው፣ "አንተ ያችን ትንሿን ውሰድና ተገላገለን፣ ቅጠልህን ከፌስታሌ ጋር አታነካካው" ያለኝ። ትንሿ ነበረች፣ እውነቱን ነው። ወስጄ ቤቴ ውስጥ ከማገሩ ላይ ሰቀልኳት። ቤታችን የጭቃ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው።

ስብሰባው ስለ አካባቢ ጽዳት ነበር። አንድ ሰው ንባብ አነበበ፣ ሌላው ያንኑ አብራራ። ከዚያ አስተያየት ተጠየቀ፣ አስተያየት የሰጡት ሁሉ ንባቡ ጥሩ ነበር አሉ። አዳራሹ ይሞቅ ነበር። ባለሱቁ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር፣ ወደ መስኮቱ ሲያይ አየዋለሁ፤ ፀሐይዋ ቆርቆሮ የምትመታው በየትኛው በኩል እንደሆነ የሚያስላ ይመስላል። አንድ ጊዜ ዞሮ በሹክሹክታ፣ "የአንተስ የት ነው ያለው?" አለኝ። "ቤት" አልኩት። እጅ አውጥተን አጸደቅን። ስንወጣ ፀሐይ ሐይቁ ማዶ ልትገባ ነበር።

ባለሱቁ ቁልፉን ሲከፍት ሁላችንም ከኋላው ቆመናል። በሩ እንደተከፈተ ሽታው ከሱ ቀድሞ ወጣ። ፌስታሎቹ እንደ ኳስ ተነፍተዋል። ውስጣቸው ሮዝ ውሃ አቁሯል። የወዛደሩ ሚስት የራሷ ይሁን የሌላ ሳታውቅ አንዱን ፈታች፣ ፊቷን አዞረች፣ መልሳ ቋጠረችው። ያን ሁሉ ሳምንት የጾመ ሰው ነው እዚያ የቆመው።

"በርበሬ ይበዛበትና ይቀቀል" አለ አንዱ።

"ታፋው ደኅና ነው፣ የሸተተው የሆድ ዕቃው ነው" አለ ሌላው።

"አብረህ አይደል ያሰርከው።"

ባለሱቁ አልቀለደም። እጣም አልተጣለም፤ ሁሉም ያገኘውን አንሥቶ ሄደ። አጥቦ አጥቦ የበላ አለ። ሁለት ቤት ግን አፍንጫውን ይዞ ሙሉውን ጣለ፣ አንዱ የወዛደሩ ቤት ነው። ያቺ የምትጨምረዋ ትጠቅመኛለች ያለው ሰው ገናን በሽሮ ፈታ።

የእኔ ሥጋ ደኅና ነበር። ኮባው ይሁን የጭቃ ቤቱ አልምልም፤ ሁለቱም ይሆናል። ባለሱቁን በምን ቃል እንደምወጋው እያሰብኩ ቁጭ ባልኩበት ሚስቴ ሥጋውን አውርዳ፣ ቆራርጣ፣ ለየቤቱ ልካ ጨርሳዋለች። መጀመሪያ የላከችው ለወዛደሩ ልጆች ነው። ለባለሱቁም ላከች። እትዬ ዘንድም ልካ ነበር፣ መለሱት። "እግዜር ይስጥልኝ በላት ብለው ላኩብኝ" አለችኝ፣ "ግን መለሱት።"

በማግሥቱ ግቢያችን ውስጥ የልብስ ገመዱ ሁሉ በፌስታል ተሞላ። ማን ፌስታል ይጥላል? ታጠበ፣ በአመድ ታሸ፣ ተሰጣ። ሽታው ግን አልለቅ አለ። ሚስቴ ከሩቁ አሽትታ፣ "በዚህ ነጠላ አይያዝም" አለች። በመጨረሻ አንድ አንድ እያሉ ወደዚያ ቀበሌ ወዳስቆፈረን ጉድጓድ ይዘው ሄዱ። ጉድጓዱ ሥራ ያገኘው ያን ዕለት ነው። የተጣለውን ሥጋ ፍለጋ አባ ኮዳዎቹ ከሐይቁ መጡና እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ጉድጓዱን ከበቡት። አንዱ ሥጋውን ከነፌስታሉ ዋጠ፤ ጫፉ ከመንቁሩ ወጥቶ ተንጠልጥሎ ሲዞር ዋለ። የቀረውን ነፋስ ወሰደው። በበጋው መጨረሻ ሐይቁ ዳር ወዳለው ጉዱማሌ ስሄድ ከመንገዱ ዳር ግራር ላይ አንዱን አየሁት፣ ተቀዶ። ለባለሱቁ ልነግረው ነበር፣ ረሳሁት።

ፋሲካ ሲቀርብ የበሬ ወሬ ተነሣ። ስለ ፌስታል ያነሣ ሰው የለም። ስለ ኮባም ያነሣ የለም። ሁሉም እግሩን ያያል። በመጨረሻ ሚስቴ፣ "ሂዱና ለምኑ እንጂ፣ ቅጠሉ በእግሩ አይመጣም" አለች። እኔ፣ ባለሱቁና ወዛደሩ ሆነን ሄድን።

እትዬ ደጃቸው ላይ በርጩማ አወጡልን። ለባለሱቁ የደረሰችው አጭሯ ናት፣ ጉልበቱ ወደ አገጩ ደረሰ። ስለ ጤና ተጠያየቅን። ስለ ዝናብ ተነጋገርን።

"እትዬ" አለ ባለሱቁ፣ "ለፋሲካው ኮባ እንዲያው..."

"ኮባ አለ።"

"እግዜር ይስጥልን። መደብዎ እንግዲህ እንደ ድሮው ነው።"

"እንደ ድሮው አይደለም" አሉ።

ወዛደሩ ወደ እኔ አየ። ሁለት መደብ ሊጠይቁ ነው ብሎ የፈራ ይመስለኛል። ባለሱቁም ያው ሳይመስለው አልቀረም፣ ቀድሟቸው፣ "የገናው የቀረብዎት ካለ..." አለ።

"የገናውን አልፈልግም። የገናው ሸቷል።"

ጥርሴን ነክሼ መሬት አየሁ። ብስቅ ጉዳዩ ይበላሻል።

"እኔ ደክሞኛል" አሉ እትዬ። "ከእንግዲህ ቅጠሌን ልሰበስብ ከቤት ቤት አልዞርም። የወሰደ ሰው በእግሩ ይመልስልኝ። ሲመልስም ባዶውን አይምጣ፣ የምድጃውን አመድ ይዞ ይምጣ።"

"ቅጠሉስ እሺ" አለ ባለሱቁ። "አመዱን ግን እኔ ከፒያሳ ስመለስ አመሻሽቼ..."

"አንተ ባዶ መደርደሪያ ይዘህ ሱቅ ትከፍታለህ?"

"አልከፍትም።"

"እንሰትም ባዶ መሬት ላይ ቅጠል አይሰጥም። ከገና ወዲህ አመድ የሰጠኝ ሰው አለ? ማንም። ቅጠል ካልወሰዳችሁ እኔም መምጫ የለኝም። ቅጠሉም ይኸው ቀጥኗል።" እውነታቸውን ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፣ ከዳር ያሉት እንሰቶች ጫፋቸው ቢጫ ሆኗል።

"እሺ" አለ ባለሱቁ። ወዛደሩም እሺ አለ። እኔን አልጠየቁኝም።

ለፋሲካ በሬው ኮባ ላይ ታረደ። አሥር መደብ አወጣሁ፣ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ጨምር ቀንስ አለ፣ ተጨቃጨቅን። የስኳር ካርዳችን እንዳይያዝ እያሉ ቢቀልዱም የሁሉም ጆሮ ወደ ቀበሌው ነው። ድምፅ ማጉያው ግን ዝም አለ። እትዬ ከሴቶቹ ጋር ቆመው ነበር። ምልክት ስንሰጥ ቋጠሯቸውን አምጥተው የጎማ ቁራጬ አጠገብ አደረጉ።

አንድ ባለ ጋሪ በመንገዱ ሲያልፍ ጠራነው። ምልክቶቹን በእፍኙ አድርጎ ዓይኑን ሳያነሣ በየመደቡ ላይ ጣላቸው። ቋጠሮዋ የአንገት አጥንት የበዛበት መደብ ላይ ወደቀች። ያንን መደብ ስሠራው አውቀዋለሁ፤ እንዳይሳሳ ከሻኛ ጨምሬበት ነበር፣ ግን ያው አጥንት አጥንት ነው። ከጎኑ ያለው፣ ጥሩው፣ ለባለሱቁ ደረሰ።

ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ አየው። ወደ እትዬ ዞረ። ሰው እንዲሰማውም እንዳይሰማውም የፈለገ በሚመስል ድምፅ፣ "እትዬ፣ ይህን ይውሰዱ፣ እኔ ያንን እወስዳለሁ" አለ።

"ለምን?"

"አጥንት በዝቶበታል።"

"እኔ ዓይን የለኝም?"

"አለዎት። ግን..."

"እጣዬ ነው" አሉ። "አንተ የደረሰህን ውሰድ።"

ተቀምጠው መደባቸውን በኮባ ጠቀለሉ፣ ቃጫውን ሁለት ጊዜ አዙረው አሰሩ፣ ጀርባቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባለ ጋሪው የሆነው ነገር ስላልገባው፣ "ተሳሳትኩ እንዴ?" አለ። አልተሳሳትክም አልነው።

በማግሥቱ ከሰዓት ቅጠሌንና አመዴን ይዤ ስሄድ ወዛደሩ ከሦስት ልጆቹ ጋር ሲመለስ አገኘሁት፣ ሁሉም እጃቸው ነጭ ነው። እትዬ ዘንድ ስደርስ ባለሱቁ ቆሟል። ኮባውን በብብቱ ይዟል። አመዱን የያዘው በፌስታል ነው።

እትዬ ፌስታሉን አዩት፣ እሱን አዩት። ተቀበሉትና አመዱን እንሰቱ ሥር ዘረገፉት። ከዚያ ገልብጠው አራገፉት፣ አጥፈው መለሱለት።

"ይኼ የአንተ ነው" አሉ። "ለሚቀጥለውም ያስፈልግሃል።"

ያቺን ፌስታል ባለሱቁ ለብዙ ጊዜ ይዟት ቆየ። አመድ ታመላልሳለች፣ ትታጠባለች፣ ገመድ ላይ ትሰጣለች። በኋላ ሥሯ ተበሳ። አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጥቶ የአንድ ቢስክሌት ጎማ እስክጨርስ ጠበቀኝና ከኪሱ አወጣት።

"የማይቀደድ አላልክም?" አልኩት።

"ዝም ብለህ ጠግን።"

የጎማ ሙጫ ሞከርኩ፣ አልያዘም። ቢላዋ አግዬ ጠርዙን ከጠርዙ አቀለጥኩት፣ ያዘ። ቅርጹ አላማረም። አመድ ግን አያፈስም ነበር።